ከሻጩ በፊት ጠጋኙን፦ የእንጨት መፍለጫ ማሽን ስንገዛ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በአሜሪካ ከትልልቅ ከተሞች ወጣ ብለው ቤት ለገዙ፣ ምድጃቸውን በእንጨት ለሚያነዱ፣ ወይም ፍልጥ እየሸጡ የጎን ገቢ ለማግኘት ለሚያስቡ ወገኖቻችን የተሰናዳ ነው። የምንነጋገረው ስለ እንጨት መፍለጫ ማሽን አመራረጥና ማሽኑን ከሚሸጡልን ነጋዴዎች ጋር ስለምናደርገው ንግግር ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ፤ የሚጻፉ ቁጥሮች አሉን።

ከጊዜው እንጀምር። ብዙ ሰው መፍለጫ ማሽን ትዝ የሚለው የመጀመሪያው ብርድ ሲነካው፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ያን ጊዜ ግን ሁለት ነገር አምልጦታል። አንደኛው እንጨቱ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለምድጃ የሚሆን እንጨት እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ለዚህም ተፈልጦና ተደርድሮ ቢያንስ 6 ወር እንዲደርቅ ይመክራል። እንደ ኦክ ያለው ጠጣር እንጨት ደግሞ ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። እርጥብ እንጨት ጭሱ ይበዛል፣ ሙቀቱ ያንሳል፤ በጭስ ማውጫው ውስጥ የሚጋገረው ጥቀርሻም እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ሁለተኛው የገበያው ነገር ነው። ብርድ ሲገባ ገዢው ሁሉ ባንድ ጊዜ ስለሚመጣ ነጋዴው ዋጋ የሚቀንስበት ምክንያት የለውም፤ የጥገና ክፍሉም ይጨናነቃል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ? የመፍለጫ ማሽን ጥሩ መግዣ ጊዜው ብርዱ ሊያልቅ ሲል፣ በየካቲትና በመጋቢት ነው። በጸደይ የተፈለጠ እንጨት፣ እንደ ኦክ ካለው ጠጣር በስተቀር፣ የበጋውን ፀሐይ ጠግቦ ለሚቀጥለው ብርድ ይደርሳል።

ቀጥሎ ራሳችንን እንጠይቅ፤ ለመሆኑ ማሽን ያስፈልገናል ወይ? በአሜሪካ ማገዶ የሚለካው በኮርድ ነው። አንድ ኮርድ 4 ጫማ ቁመት፣ 4 ጫማ ወርድና 8 ጫማ ርዝመት ያለው ክምር ሲሆን፣ በጠቅላላው 128 ኪዩቢክ ጫማ ይሆናል። በዓመት አንድ ኮርድ ገደማ ለሚያነድ ቤተሰብ ጥሩ መጥረቢያና ሽብልቅ ይበቃው ይሆናል። ካስፈለገም የእርሻና የግንባታ መሣሪያ ከሚያከራዩ ሱቆች ማሽኑን ለአንድ ቀን ተከራይቶ የዓመቱን ሥራ በአንድ ቅዳሜ መጨረስ ይችላል። ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ሆኖ በጋራ መግዛትም አንድ ዘዴ ነው፤ ግን ዘይት የሚቀይረው፣ ሲሰበር የሚያሠራውና ማሽኑን ቤቱ የሚያስቀምጠው ማን እንደሆነ ገንዘቡ ሳይወጣ በፊት ቁርጥ ያለ ስምምነት ይኑር።

በዓመት ሦስት፣ አራት ኮርድና ከዚያ በላይ ለሚያነድ ሰው ደግሞ የራሱ ማሽን ቢኖረው ያዋጣዋል። እዚህ ላይ የእንጨቱን ዓይነት ማየት ይኖርብናል። አገር ቤት እንጨት የፈለጠ ሰው ያውቀዋል፤ ጥድ መጥረቢያ ሲያርፍበት ይከፈታል፣ ወይራ ግን ክንድ ይፈትናል። እዚህም እንደዚያው ነው። በኮሎራዶ ተራሮች የሚበዛው ፓይን ጉጡ ካልበዛ በቀላሉ ይፈለጣል። በሚኒሶታ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚገኙት ኦክና ሜፕል ጠጠር ይላሉ። ኤልም የሚባለው ደግሞ ክሩ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ስለሆነ ሽብልቁ አልፎበት እንኳ አልላቀቅ ይላል።

ወደ ማሽኖቹ ዓይነት እንለፍ። የመጀመሪያው በቤት ኤሌክትሪክ የሚሠራው ትንሹ ነው። ጉልበቱ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቶን ይባላል። ለቀጭንና ቀጥ ላለ እንጨት ደህና ነው፤ ድምፁም ትንሽ ነው። የተቃጠለ ጋዝ ስለማያወጣ ጋራዥ ውስጥም ይሠራል። ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚገዛው፣ በቤንዚን ሞተርና በሃይድሮሊክ የሚሠራው ነው። ሞተሩ ፓምፑን ያዞራል፣ ፓምፑ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ይገፋል፣ ሲሊንደሩ ደግሞ ግንዱን ከሽብልቁ ጋር ያጋጨዋል። ሦስተኛው በከባድ መዘውር የሚሠራ ነው። መዘውሩ ዞሮ ዞሮ ያጠራቀመውን ጉልበት ባንድ ምት ይለቅቀዋል፤ በጣም ፈጣን ነው፣ ክሩ በተጠላለፈ እንጨት ላይ ግን እንደ ሃይድሮሊኩ ገፍቶ አይጨርስም። አራተኛው ከትራክተር ጋር የሚገጠም ሲሆን ለባለ እርሻዎች ነው። የዛሬው ትኩረታችን ሁለተኛው ላይ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ መደብር ስትገቡ ቀድሞ ዓይናችሁ ውስጥ የሚገባው በማሽኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቶን ነው፤ 22፣ 25፣ 27፣ 30። ይህን ቁጥር ግን ማንም ሰው ራሱ አስልቶ ሊያረጋግጠው ይችላል። የማሽኑ ጉልበት የሚመጣው ከሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ከሲሊንደሩ የውስጥ ስፋትና ከዘይቱ ግፊት።

እንጻፍ። የውስጥ ዲያሜትሩ 4 ኢንች የሆነ ሲሊንደር ፒስተኑ 12.6 ስኩዌር ኢንች ገደማ ስፋት አለው። የዘይቱ ግፊት በአንድ ስኩዌር ኢንች 3,000 ፓውንድ ከሆነ፣ ሁለቱ ሲባዙ ወደ 37,700 ፓውንድ ይመጣሉ። የአሜሪካ አንድ ቶን 2,000 ፓውንድ ነው። ስለዚህ ይህ ማሽን ያለው ጉልበት ከ19 ቶን አይበልጥም። በዚያው ግፊት ባለ 4 ኢንች ተኩሉ ሲሊንደር ወደ 24 ቶን፣ ባለ 5 ኢንቹ ደግሞ ወደ 29 ቶን ተኩል ይደርሳሉ። እንግዲህ ባለ 4 ኢንች ሲሊንደር ማሽን ላይ 27 ቶን ተብሎ ተጽፎ ብታገኙ፣ ያ ጉልበት እንዲገኝ ግፊቱ ወደ 4,300 ፓውንድ መድረስ አለበት። ሻጩን «ይህ ቁጥር የተሰላው በስንት ግፊት ነው? ማሽኑስ በፋብሪካ የተስተካከለው በስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ሲሊንደሩን ከውጭ በሜትር ብትለኩት የብረቱ ውፍረት ስለሚጨመር ሰፋ ብሎ ይታያል፤ ትክክለኛው የውስጥ ልክ በመመሪያው መጽሐፍ ላይ ይገኛል።

ለአብዛኛው የቤት ሥራ በእርግጥ ከ20 እስከ 25 ቶን ያለው ማሽን ይበቃል። «ብዙ ቶን ይሻላል» የሚል ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። ሲሊንደሩ በሰፋ ቁጥር ለመሙላት ብዙ ዘይት ይፈልጋል። ባለ 4 ኢንቹና 24 ኢንች የሚረዝመው ሲሊንደር የሚይዘው 1.3 ጋሎን ያህል ነው፤ በደቂቃ 11 ጋሎን የሚገፋ ፓምፕ በ7 ሰከንድ ገደማ ይሞላዋል። ባለ 5 ኢንቹ ግን 2 ጋሎን ገደማ ስለሚይዝ ያው ፓምፕ 11 ሰከንድ ይፈጅበታል። ስለዚህ ቶኑ ሲያድግ ፓምፑም አብሮ ካላደገ የገዛችሁት ዘገምተኛ ማሽን ነው። የፓምፑን ነገር ካነሳን፣ ባለ ሁለት ደረጃ መሆኑን አረጋግጡ። እንዲህ ያለው ፓምፕ ግንዱ እስኪነካ ድረስ ብዙ ዘይት በዝቅተኛ ግፊት እየላከ ይፈጥናል፤ እንጨቱ ሲያስቸግረው ደግሞ በራሱ ወደ ዝግተኛውና ኃይለኛው ደረጃ ይቀየራል።

ለብቻችሁ የምትሠሩ ከሆነ ከፍጥነት ይልቅ ወገባችሁን አስቡ። ማሽኑ በ10 ሰከንድ ቢፈልጥ እናንተ ግንዱን አንስታችሁ እስክታስቀምጡ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ወፍራም ግንድ የሚበዛባችሁ ከሆነ አግዳሚ ብረቱ ቀጥ ብሎ የሚቆም ማሽን ፈልጉ፤ ግንዱን ሳታነሱ አንከባላችሁ ከሽብልቁ ሥር ታስገቡታላችሁ።

ሞተሩንም ለዩት። የማሽኑ ስምና የሞተሩ ስም ብዙ ጊዜ የተለያየ ነው፤ አንዱ ኩባንያ ብረቱን ይሠራል፣ ሞተሩን ግን ከሆንዳ፣ ከብሪግስ ኤንድ ስትራተን፣ ከኮህለር ወይም ከሌላ ይገዛል። በዚህም ምክንያት ዋስትናው ሁለት ነው። ሞተሩ ሲበላሽ የማሽኑ አምራች «ወደ ሞተሩ ኩባንያ ሂዱ» ሊል ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም የዋስትና ወረቀቶች ጠይቁ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ሻጮቹ እንምጣ። መፍለጫ ማሽን የሚሸጡልን በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከምስማር እስከ ማቀዝቀዣ የሚሸጠው ትልቅ መደብር ነው፤ ዋጋው ቅናሽ ሊሆን ይችላል፣ ሻጩ ግን ትናንት ቀለም ሲሸጥ የዋለ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው በኢንተርኔት ሸጦ በሣጥን የሚልከው ነው፤ መግጠሙም ማስተካከሉም የእናንተ ነው። ሦስተኛው የራሱ ጋራዥ፣ የራሱ መካኒክና የመለዋወጫ መደርደሪያ ያለው የመሣሪያ ነጋዴ ነው። ይህኛው ጥቂት ሊወደድ ይችላል፤ የምትከፍሉት ጭማሪ ግን የሚመለሰው ማሽኑ የቆመ ዕለት ነው።

ይህ ግን «ጋራዥ አለን» ያለውን ሁሉ እመኑ ማለት አይደለም። ስለዚህ የዛሬውን ዋና ምክራችንን እንናገር፤ ከሻጩ በፊት ጠጋኙን አነጋግሩ። ወደ ነጋዴው ስልክ ስትደውሉ የሽያጭ ክፍሉን ትታችሁ የጥገናና የመለዋወጫ ክፍሉን ጠይቁ። የማሽኑን ሞዴል ንገሯቸውና አራት ጥያቄ አቅርቡ። ይህን ማሽን በዋስትና ትጠግናላችሁ? ሌላ ሱቅ ወይም በኢንተርኔት ብገዛውስ ትቀበሉታላችሁ? የሲሊንደሩ ጎሚኒ፣ ፊልትሮውና ካርቡራተሩ እዚሁ አላችሁ ወይስ ታዛላችሁ? በጥቅምት ወር ተበላሽቶ ባመጣው ስንት ሳምንት እጠብቃለሁ? የሽያጭ ሠራተኛ ለሁሉም ማሽን «ጥሩ ነው» ሊል ይችላል። መካኒኩ ግን የትኛው ማሽን በየጊዜው ተጎትቶ እንደሚመጣለት ስለሚያውቅ፣ መልሱ ሲፈጥን ወይም ሲንተባተብ ብዙ ትረዳላችሁ።

እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ ካላችሁ ጥያቄዎቹን በኢሜይል ላኩ። ጊዜ ወስዳችሁ ታነቡታላችሁ፤ ዋናው ጥቅሙ ደግሞ መልሱ በጽሑፍ ስለሚቀር ኋላ «አላልኩም» የሚል አይኖርም።

መደብር ከገባችሁ በኋላ ንግግሩ እንዲህ ሊሄድ ይችላል።

(ሁለት ድምፅ)

ሻጭ፦ ይሄኛው 27 ቶን ነው፤ የሚመልሰው እንጨት የለም።
ገዢ፦ የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት ስንት ነው? ግፊቱስ?
ሻጭ፦ እሱን እንኳ ወረቀቱን ማየት አለብኝ።
ገዢ፦ እባክዎ እንየው። የዋስትናውንም ወረቀት አብረው ያምጡልኝ። ማገዶ እየሸጥኩ ብጠቀምበት ዋስትናው ስንት ጊዜ ነው?
ሻጭ፦ ለንግድ ከሆነ ያጥራል።
ገዢ፦ እሺ። ዛሬ ብገዛ ዘይት ሞልታችሁ፣ አስነስታችሁና ግንድ አስፈልጣችሁ ታሳዩኛላችሁ?

አድማጮቻችን፣ እዚህ ላይ የገዢውን ሁለት ጥያቄዎች ልብ በሉ። አንዱ የንግድ ዋስትና ነው። ብዙ አምራቾች ለቤት አገልግሎት የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ዋስትና ሰጥተው፣ ማሽኑ ገቢ ማግኛ ከሆነ ያሳጥሩታል። ፍልጥ ለመሸጥ የምታስቡ ሁሉ ይህችን መስመር ሳታነቡ አትፈርሙ። ሌላው አስነስቶ ማሳየት ነው። በሣጥን የሚመጣ ማሽን ብዙ ጊዜ የሞተር ዘይት የለውም፤ የሃይድሮሊክ ዘይትም ላይኖረው ይችላል። ሳያውቅ ገመዱን ስቦ ያስነሳ ሰው ሞተሩን በመጀመሪያው ቀን ያቃጥለዋል፤ ያንን ደግሞ ዋስትና አይሸፍንም።

ስለ ድርድርም አንድ ቃል። መርካቶ የለመደ ሰው ዋጋው ላይ መከራከር ይቀናዋል። የአሜሪካ ነጋዴ በተለጠፈው ዋጋ ላይ ብዙም ፈቀቅ ላይል ይችላል፤ በተጨማሪው ላይ ግን እጁ ይፈታል። ገጥሞ ማስረከብ፣ ዘይት መሙላት፣ ቤት ድረስ ማድረስ፣ የመጀመሪያውን ሰርቪስ በነፃ ማድረግ፣ ትርፍ ፊልትሮና ካንዴላ መጨመር፤ እነዚህን ጠይቁ። ነጋዴው ቢስማማ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። የማሽኑና የሞተሩ ሞዴልና ተከታታይ ቁጥርም አብረው ይስፈሩ።

ሕጉ ምን ይላል? በ1975 የወጣው የማግነሰን ሞስ የዋስትና ሕግ የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ። ለቤት አገልግሎት በሚውሉ ዕቃዎች ላይ የጽሑፍ ዋስትና የሚሰጥ ኩባንያ ዋስትናው ሙሉ ይሁን ውስን በግልጽ እንዲጽፍ ያዝዛል። ከ15 ዶላር በላይ ለሆነ ዕቃ ደግሞ ገዢው ዋስትናውን ከመግዛቱ በፊት ማንበብ መቻል አለበት። ስለዚህ «ወረቀቱ ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ ቤትዎ ሲደርሱ ያነቡታል» ቢሏችሁ አትቀበሉ። በዚሁ ሕግ መሠረት «ዘይቱን እኛ ካልቀየርን ዋስትናህ ይሰረዛል» ማለት በጥቅሉ አይቻልም። ራሳችሁ ልትሠሩት ወይም በሌላ መካኒክ ልታሠሩት ትችላላችሁ፤ የዘይቱንና የፊልትሮውን ደረሰኝ፣ የተቀየረበትንም ቀን ግን በደብተር ያዙ።

አንድ የተሳሳተ እምነት እናርም። «በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ መብቴ ነው» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የሦስት ቀኑ የፌዴራል ደንብ የሚያገለግለው በዋናነት ሻጭ ቤታችሁ ድረስ መጥቶ ወይም በጊዜያዊ ቦታ ለሚሸጥላችሁ ነገር ነው። መደብር ገብታችሁ ለገዛችሁት ማሽን የሚሠራው የመደብሩ የራሱ ደንብ ነው። ቤንዚን የገባበትን ማሽን አልመልስም የሚል መደብር ሊያጋጥማችሁ ይችላል፤ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

በብድር ለምትገዙም ማስጠንቀቂያ አለን። «ለ12 ወር ያለ ወለድ» የሚለው ማስታወቂያ አንዳንድ ጊዜ ወለዱ ተጠብቆ የሚቆይ ውል ነው። በ12ኛው ወር ማብቂያ ላይ ትንሽ ቀሪ ዕዳ ቢገኝ፣ ከገዛችሁበት ቀን ጀምሮ ያለው ወለድ በሙሉ ይታሰብባችኋል። ዋጋውን ለወሮቹ አካፍላችሁ ከመጨረሻው ወር በፊት ዝጉት።

(አጭር ሙዚቃ)

ያገለገለ ማሽን ለምትፈልጉ፣ ባለቤቱን ከመድረሳችሁ በፊት ሞተሩን እንዳያስነሳ ለምኑት። የሞቀ ሞተር ሁሉ ደህና ይመስላል፤ አመሉ የሚታወቀው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው። የሃይድሮሊኩን ዘይት እዩት፤ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። በሲሊንደሩ ዘንግ ዙሪያ ዘይት ከተንጠባጠበ ጎሚኒው አልቋል፤ ይህ ይጠገናል፣ ግን ከዋጋው ላይ ይቀነስ። የሽብልቁን ሥር በባትሪ መብራት መርምሩ፤ ብየዳው ላይ ስንጥቅ ካለ ወይም አግዳሚው ብረት ከታጠፈ ትታችሁት ሂዱ። በመጨረሻም ጉጥ የበዛበት ግንድ አስገብታችሁ ሲገፋ ተመልከቱ። ባለቤቱ ቀጥ ያለና የደረቀ እንጨት ብቻ ካቀረበላችሁ ጠርጥሩ።

ማሽኑ ቤት ከገባ በኋላ የሚያደክመው ሥራ ሳይሆን ቁጭ ብሎ መክረሙ ነው። ቤንዚን ከአንድ ወር በላይ ሲቀመጥ ሊበላሽ፣ ካርቡራተሩንም ሊደፍን ይችላል፤ አብዛኛው አምራች ደግሞ በአሮጌ ቤንዚን የመጣን ብልሽት በዋስትና አይሸፍንም። ሥራ ስትጨርሱ ወይ ቤንዚኑን ጨርሱት፣ ወይ ማቆያ መድኃኒት ጨምሩበት።

ሦስት የደኅንነት ነጥቦችን አደራ እንላለን። የቤንዚኑን ማሽን ጋራዥ ውስጥ፣ በሩ ክፍት ቢሆንም፣ አታስነሱ፤ በተቃጠለው ጋዝ ውስጥ ያለው ሽታ የሌለው መርዝ ይገድላል። ግንዱን የሚያስቀምጠውና የማሽኑን መቆጣጠሪያ እጀታ የሚይዘው ያው አንድ ሰው ይሁን፤ አደጋ የሚበዛው አንዱ እጁን ሲሰድ ሌላው ሲጫን ነው። ከጎማ ቱቦው ዘይት የሚወጣ ከመሰላችሁ በእጃችሁ አትዳስሱት፤ ሞተሩን አጥፉ፣ የምትፈትሹም ከሆነ በካርቶን ይሁን። በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ መርፌ የወጋው ቢመስልም ለጣት መቆረጥ ሊያደርስ ይችላልና በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ።

አድማጮቻችን፣ በዚህ ሳምንት ማሽን ለመግዛት ያሰበ ሰው ካለ ቅደም ተከተሉን ይያዝ። በመጀመሪያ በዓመት የሚያነደውን ኮርድና የእንጨቱን ዓይነት ይጻፍ። ቀጥሎ በቤቱ ዙሪያ ወዳሉ የጥገና ክፍሎች ይደውልና የትኛውን ማሽን እንደሚጠግኑ ይጠይቅ። ከሚጠግኗቸው ማሽኖች መካከል የሲሊንደሩንና የግፊቱን ሒሳብ አስልቶ ይምረጥ። ዋስትናውን ያንብብ። ዋጋውን የሚነጋገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በአካባቢያችሁ የሚጠግነው ሰው ያላገኛችሁለት ማሽን ግማሽ ዋጋም ቢባል ይቅርባችሁ።

የዛሬው ዝግጅታችን በዚህ አበቃ።

(የመውጫ ሙዚቃ)